ብርቄ ያየችው መጨረሻ

ብርቄ ፊልም ነፍሷ ነው፤ መጨረሻውን ግን አይታ አታውቅም። አንድ ሰው መሞቱ አይቀርም ብላ ስለምትፈራ ሁልጊዜ አቋርጣ ትወጣለች። የዛሬውን ፊልም የሠራችው ግን የገዛ ልጇ ኤልሻዳይ ናት።

«እማዬ፣ ዛሬ ከወጣሽ እቀየምሻለሁ።»

«የሚሞት አለ?»

«አልነግርሽም!»

በፊልሙ ውስጥ አንዲት እናት መቐለ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ልጇን ትጠብቃለች። መንገደኛው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። ብርቄ ቦርሳዋን ይዛ ብድግ አለች፤ የልጇ ቃል ትዝ ሲላት ግን እዚያው ቆማ ቀረች።

«አይመጣም! ገና ሲጀመር ታውቆኛል!» ብላ ጮኸች።

«አደይ፣ እናቴ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ከለሉን እኮ!» አለ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ወዲያው በፊልሙ ላይ በሩ ተከፈተና ልጁ ሻንጣውን እየጎተተ ብቅ አለ።

ብርቄ ቦርሳዋን ጥላ ከሁሉም ቀድማ አጨበጨበች።

«ተሳሳትኩ! እሰይ፣ ተሳሳትኩ!»