የሞላው እርግብግቢት

እማማ ፋዲላ የልጅ ልጃቸውን የሙስዓብን አናት ሳይዳብሱ ቁርስ አይቀምሱም ነበር። ባለፈው ወር ሕፃኑን ሲያስቀምጠው እርግብግቢቱ ጎድጉዶ፣ አንዲት ነርስ «ይህ ከጎደጎደ ሰውነቱ ውሃ አጥቷል ማለት ነው፤ ሮጣችሁ አምጡት» ብላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ አዳማ በሚገኘው ቤታቸው የእርግብግቢት ሐኪም እሳቸው ሆኑ። ደፍሮ የሚከራከራቸውም አልነበረም።

አንድ ጠዋት ሕፃኑን አተኮሰው። እጅና እግሩ ግን ቀዝቅዟል። ጡት አልይዝ አለ። እናቱ ሱሃይላ ስታነሳው በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፤ መልሳ ስታስተኛው ዝም ይላል።

«እማ፣ ልጅ ሲታቀፍ አይደል ዝም የሚለው? የዚህስ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ሐኪም ቤት ልውሰደው?»

እማማ ፋዲላ አናቱን ዳበሱ። እርግብግቢቱ አልጎደጎደም፤ እንዲያውም ወደ ላይ ነፋ ብሎ ጠጥሯል። ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ! ይኸው ሞልቷል! ጥርሱ ሊወጣ ነው፤ ልጁን አታንገላቺው።»

ሱሃይላ ባሏ ጋ ደወለች። መሐመድሰዒድ መቂ ላይ ሽንኩርት እያስጫነ ነበር።

«እናቴ ምን አለች?»

«ሞልቷል አሉ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? አንቺ ደግሞ መፍራት ትወጃለሽ!»

እንግዲህ ሁሉን አወቅሁ ባይ ያለበት ቤት እንዲህ ነው፤ የእናት ጥርጣሬ መቀመጫ ያጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እማማ ፋዲላ ግን የሚበረግጉት ከሚያውቋት እባብ ብቻ ነበር። ጉድጓዱን ፈርተው እብጠቱን መረቁት።

በማግስቱ ሙስዓብ ቢቀሰቅሱት አልነቃ አለ። ከዚያም አንቀጠቀጠው። ሱሃይላ ማንንም ሳትጠይቅ አቅፋው ወጣች፤ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሙ አናቱን ነካ አድርጎ ቀና አለ።

«መቼ ነው ያበጠው?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም። እርግብግቢት ሲጎደጉድ ብቻ አይደለም፤ ሲያብጥም ያስፈራል። ምነው ትናንት ባመጣሽው!»

ሱሃይላ ልጇን ለሐኪሙ አስረከበች።

ልጁ ተረፈ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን አላህ ማረላችሁ አለ። ደስታው ግን አልቆየም፤ በኋላ ሲመረመር በሽታው ሁለቱንም ጆሮዎቹን እንዳደነቆረ ተነገራቸው።

ያን ቀን እማማ ፋዲላ ምራታቸውን አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። «ያቺ አንዲት ቀን! ምነው ባላስቀረሁሽ!» ሱሃይላም አለቀሰች እንጂ አልተቆጣቻቸውም።

ከዚያ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይቅር በለኝ፣ የኔ አባት። ይቅር በለኝ» አሉት፣ ደጋግመው።

ሙስዓብ የሚንቀሳቀሰውን ከንፈራቸውን በጣቱ ነክቶ ሳቀ።