ጭምብሉ ውስጥ የቀረው ቦታ

ጭምብሉ የተሠራ ቀን ክሊቭን አላላውስ ብሎት ነበር። በሞቀ ውኃ ያለዘቡትን ወንፊት መሳይ ፕላስቲክ ፊቱ ላይ ዘርግተው እስኪደርቅ ጠበቁ፤ ሲያነሱት ዐይኑን የጨፈነ ሌላ ክሊቭ ወጣ። ጨረር ሲሰጠው ራሱ ንቅንቅ እንዳይል በዚያ ጭምብል ከአልጋው ጋር ይታሰራል።

ሕመሙ ብዙ ሰው የማይይዘው የቆዳ ካንሰር ነው። ዕድሜ ልኩን በርኔት የሚባለው ወንዝ አፍ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ፀሐይ የጠበሰው ጉንጩ ላይ ሐምራዊ እብጠት ሆኖ ወጣ፤ ቆርጠው ካወጡትም በኋላ ወደ አንገቱ ወረደ። ሐኪሟ ጨረሩንና ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት አንድ ላይ አዘዘችለት።

"መድኃኒቱ ካንሰሩን ያደክመዋል፣ ጨረሩ ይመታዋል። ክብደትህ ከዚህ በላይ ከቀነሰ ግን ኬሞውን አቋርጠዋለሁ" አለችው።

ክሊቭ ይዞ የሄደው ይቺን የመጨረሻዋን ነው። ጉሮሮው ቆስሎ ምግብ አልወርድ ሲለው ትንፍሽ አላለም። መረብ የሚያሰጥምባቸውን ከባድ የእርሳስ ብረቶች ከጀልባው አውጥቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሐኪም ቤት ሊመዘን ሲሄድ ቀበቶው ሥር ይታጠቅ ጀመር። ከሚዛኑ ሲወርድ ሽንት ቤት ገብቶ ቦርሳው ውስጥ ይከታቸዋል። ሚዛኑ ሰውዬው እንዳለ ነው ይላል።

ጭምብሉ ግን አልተታለለም። ፊቱ ሲከሳ መጀመሪያ አገጩ ሥር፣ ቀጥሎ ጉንጩ ላይ አየር ገባ። አንድ ቀን ምራቁን ለመዋጥ ትንፋሹን ቢያቆም፣ ጭምብሉ ውስጥ የሚተነፍሰው አላቆመም። የጠገበ ሰው ዝግ ያለ ትንፋሽ ነበር።

ሚስቱ ሜርል አንድ ጠዋት እስከ ጨረር ክፍሉ ድረስ ሸኘችው። የሕመምተኞቹ ጭምብሎች መደርደሪያው ላይ ሆነው፣ ሁሉም ዐይናቸውን ጨፍነው ወደ በሩ ዞረዋል። ስም ሳታነብ ቀጥ ብላ ሄዳ የእሱን ዳሰሰችው።

"ይሄ አንተ ነህ። የትም ባየው አልስተውም።"

ከዚያ ክሊቭን ትክ ብላ አየችው።

"ምን ታፈጪብኛለሽ?"

"ምንም" አለችና ለእንግዳ እንደሚደረገው ፈገግ አለችለት።

ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ታምሲን አስተኛችው።

"ዛሬ የት እናጥምድ፣ ክሊቭ?"

"አንቺን ይዤ? ወሬሽ ዓሣ ያባርራል።"

"አንተስ መቼ ይዘህ ታውቃለህ? ሜርል ነግራኛለች።"

ጭምብሉን ቀጭ ቀጭ አድርጋ ቆለፈች፣ የራጅ ፎቶ አነሳች፣ አጥንቱ ቦታው መሆኑን አየች። ወጥታ ከባዱን በር ዘጋች።

ያኔ ክሊቭ አንገቱን አዞረ። ለማዞር አልነበረም፤ ይዞር እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነበር። ዞረ። ጭምብሉ አልዞረም። የጨረሩ ምልክት የተሣለበት ያ ወፍራም ፊት ዐይኑን ጨፍኖ፣ ተረጋግቶ፣ ወደ ላይ እንደተንጋለለ ቀረ። ክሊቭ ገባው። ጨረሩ የሚመጣው ለዚያኛው ነው። የሚድነውም ያኛው ነው።

ታምሲን በካሜራ እንድታየው እጁን አነሳ።

ታምሲን እየሮጠች መጥታ ፈታችው። "ምነው ወዳጄ?"

"ይሄ ፊት የእኔ አይደለም። ቦርሳዬን ክፈቺው።"

ከፈተችው። የእርሳስ ብረቶቹን አውጥታ በእጇ መዘነቻቸው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"መዋጥ ካቃተኝ።"

"አንተ ግትር ሽማግሌ። ብትነግረን እኮ እናበላህ ነበር።"

ሐኪሟ ተቆጣች፤ ኬሞውን ግን አላቋረጠችም። የመድኃኒቱን ልክ አሁን ባለው ሥጋው መጠን አስተካከለችና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክብደት ካልጨመረ እንደሚቆም ቁርጡን ነገረችው። ጨረሩም እንደገና እንዲለካ አዲስ ጭምብል ተሠራለት። ይሄኛው ጉንጩ የጎደጎደ፣ አንገቱ የቀጠነ ነው። ክሊቭ ሊያየው አልፈለገም።

አሮጌውን ለሜርል ሰጧት። ሰው ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ አንዳንዱ አበባ ይተክልበታል፣ አንዳንዱ አጥር ላይ ሰቅሎ በጥይት ይበሳዋል። ክሊቭ መኪናው ጋ ሲደርስ ሜርል ሞተሩን አስነሥታ ነበር። ጭምብሉ ከጎኗ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የደኅንነት ቀበቶ ታስሮለት።

"ይሄንን ለምን አሰርሽው?"

"እንዳይወድቅ ነዋ። አንተ ከኋላ ግባ፣ ይሰፋሃል።"

ከኋላ ገባ። ድልድዩን ተሻገሩ። ሜርል መንገዱን እያየች፣ በለሰለሰ ድምፅ፣

"የዱባ ሾርባ ሠርቻለሁ፤ ትጠጣለህ?" አለች።

ከፊት ወንበር በኩል ያ ዝግ ያለ ትንፋሽ ተሰማ፣ ሊመልስ እንደተዘጋጀ ሰው።

"እጠጣለሁ" አለ ክሊቭ ቀድሞ፤ ጉሮሮው እየተቃጠለ፣ "እኔ እጠጣለሁ።"