ያልተቀረጸው ሽምግልና

ሉብና ፊልሟን በአንድ ቅዳሜ ልትጨርስ ነበር ያሰበችው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ከልጅነታቸው ጓደኛሞች የሆኑ ሁለት ሰዎች ይሟገታሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ያስቃሉ፤ በመጨረሻ ልጁ ሽማግሌ ይልካል፣ የልጅቷ አባት «ሰጥቻለሁ» ይላል፣ አለቀ። ታሪኩን ከየት እንዳመጣችው ለማንም አልተናገረችም፣ ካሜራ ለሚይዝላት ለሀምዳንማ ጭራሽ። እሷና እሱ ሐይቁ ዳር አብረው ያደጉ ናቸው። እሱ አንድ ቃል ቢተነፍስ ደስታዋ ነበር፤ ቀድማ ተናግራ እሱ ባይፈልጋትስ? ጓደኛም ታጣለች። ስለዚህ ፊልም ጻፈች።

ሽምግልናው የሚቀረጸው በገዛ ቤታቸው ሳሎን ነው። አባቷ ጋሽ አሕመዲን የልጅቷን አባት ሆነው ለመጫወት እሺ ብለዋል። ሽማግሌዎቹም ተዋናዮች ሳይሆኑ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱት ሼህ ሀምዱና ጋሽ ባዬ ናቸው። ስህተቷ እዚህ ላይ ነበር።

«ልጅዎን ሀኒያን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ ሼህ ሀምዱ በተነገራቸው መሠረት።

«ሀኒያ የምትባል ልጅ የለችኝም» አሉ አባቷ።

«አባባ፣ የፊልሙ ልጅ ናት።»

«የሌለችኝን ልጅ ልስጥ?»

ሼህ ሀምዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነታቸውን ነው። መጨረሻው ላይ ዱዓ አለበት። ዱዓ ላይ አይዋሽም፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ሉብና በሉ። ቶሎ በሉ ብቻ፣ ፀሐዩ እየሄደ ነው።»

«ለማንስ እንበል?» ጠየቁ ጋሽ ባዬ።

ከካሜራው ጀርባ ሀምዳን ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔን ስም በሉ። ለፊልሙ።»

«ለፊልሙ» አለች ሉብና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ሽማግሌዎቹ ይሄኔ ነው የተቃኙት። ያልተጻፈላቸውን ሁሉ ተናገሩ፤ የሀምዳንን ወላጆች፣ አርዲቦ በኩል ያለውን እርሻቸውን፣ የልጁን ጨዋነት። «ነውሩ አንድ ነው» አሉ ጋሽ ባዬ፤ «ሐይቅ ዳር ተወልዶ ዋና አይችልም።»

ሉብና «ሰጥቻለሁ» የሚለውን ቃል ጠበቀች። አባቷ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ቤተሰብ እናማክር። ለጁምዓ ተመለሱ» አሉ።

«አባባ፣ እንደሱ አይደለም የተጻፈው።»

«በመጀመሪያ ቀን ልጅ የሰጠ ማን አለ? አምባሰል ሙሉ ይስቅብኛል።»

«ፊልም ነው'ኮ።»

«ቤቱ የኔ፣ ስሙ የኔ፣ ልጅቷ የኔ። ፊልሙ ምኑ ላይ ነው?»

ሽማግሌዎቹ አልከፋቸውም፤ ደንቡ ነውና አመስግነው ወጡ። ሉብና ሳምንቱን በንዴት አሳለፈችው። ሀምዳን ስትደውልለት ያነሳል፣ የፊልሙ ነገር ሲነሳ ግን ወሬ ይቀይራል።

ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሼህ ሀምዱ አዲስ ጥምጥም አድርገዋል። ሉብና በር ላይ ተቀበለቻቸው።

«ካሜራውስ? ሀምዳንስ?»

«አግቢ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል እንዴ?» አሉ ጋሽ ባዬ። «ፊልሙ ያለፈው ቅዳሜ ነበር። ዛሬ ልኮን ነው የመጣነው።»

በአጥሩ ላይ አሻግራ አየች። ሀምዳን ሾላ ዛፍ ሥር፣ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት፣ ሐይቁን የሚያይ መስሎ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ያየውን ሐይቅ።

አባቷ ከኋላዋ መጡ። «ሰምቻለሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ዛሬም ሊመልሷቸው ነው?»

«ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው።»

«ሦስተኛውን እኔ አልጠብቅም።»

አባቷ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። «በሉ ግቡ» አሉ ሽማግሌዎቹን፣ «ልጅቷ ቸኩላለች።»

ፊልሟ መጨረሻ እንደሌለው ትዝ ያላት፣ ዱዓው አልቆ አሚን ካለች በኋላ ነው።