ያልተዘጉ ሠርጎች

አርያም ትእዛዙን እንደገና ጻፈችና ኢንተር መታች። ማሽኑ ያንኑ መልስ ሰጣት፦ የተከፈቱት ፋይሎች ገደቡን ሞልተዋል፤ ሌላ መክፈት አይቻልም።

«አሁንስ በቡጢ ነው የምለው» አለች።

«በይው፤ ገመዱን ግን እንዳትነኪ» አለ ቢሩክ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ሬንደር ላይ ነኝ።»

ቢሩክ የሠርግ ስቱዲዮው ዋና ኤዲተር ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲቆርጥና ሲቀጥል የዋለውን የትናንት ሠርግ አሁን ሬንደር እያደረገ፣ ማለትም አንድ ፊልም አድርጎ እያወጣ ነበር። ፊልሙ ዛሬ ማታ ቦሌ በሚገኝ አዳራሽ ውስጥ በመልሱ ላይ መታየት አለበት። የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ወንዴ ስክሪን ለማሰቀል ቀድመው ሄደዋል። በጾሙ ታፍኖ የቆየ ሠርግ ሁሉ ከፋሲካ በኋላ እንደ ጉድ ስለሚፈላ ጉርድ ሾላ ያለው ቢሯቸው ሰሞኑን ሰው አይለየውም።

ፊልሞቹ ሁሉ የሚቀመጡት ጥግ ላይ በሚያጓራ አሮጌ የዩኒክስ ሰርቨር ውስጥ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ንብረቱን ሲያስወግድ ጋሽ ወንዴ በጨረታ ያነሱት ነው። «ይኼ እኮ ብረት ነው» ይላሉ ሰው ሲያዩ። ብረትነቱን አርያምም አልካደችም። ቦሌ ለሚ ካለው የልብስ ፋብሪካ ለቃ እዚህ የሰርቨሩ ተቆጣጣሪ ሆና የተቀጠረችው ለገርጂ ቤቷ ስለሚቀርብ ነበር። ገና የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ ግን ይኸው ብረት ፀጉሯን ሊያስነጫት ደርሷል።

በሩ አጠገብ ወይዘሮ አፀደ ጥቁር ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው አቶ እሸቴ በዓቢይ ጾም ነው ያረፉት፤ ነገ አርባቸው ነው። ልጆቻቸው ስቱዲዮው በቀረጸው የአንዳቸው ሠርግ ላይ ያለውን የአባታቸውን ምስል ቲሸርት ላይ አሳትመው ሊለብሱ ተስማምተዋል። ኢምፔሪያል ያለው አታሚ ደግሞ ምስሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰው ለነገ እንደማይችል ቁርጡን ነግሯቸዋል። አሁን አሥር ሰዓት አልፏል።

«አልተገኘም ልጄ?» አሉ ወይዘሮ አፀደ።

«ተገኝቷል እማማ። የት እንዳለ አውቄዋለሁ፤ አልከፈትም ብሎኝ ነው።»

«ተቆልፎ ነው?»

«አልተቆለፈም።» አርያም እንዴት እንደምታስረዳቸው ጨነቃት። «ታክሲ ሞልቶ ወራጅ ሲጠፋ በሉት። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከፍቶ የሚይዘው ፋይል ልክ አለው። የገባው ካልወጣ ሌላ አይገባም።»

«ታዲያ ረዳቱ የት ሄዶ ነው?»

ቢሩክ ሳቁ አመለጠው። አርያም አልሳቀችም፤ ረዳቷ እሷ ነበረች።

ባለፈው ሳምንትም ይኸው ችግር ተፈጥሮ ገደቡን ከፍ አድርጋው ነበር። ሁሉም አመሰገናት፤ ጋሽ ወንዴም ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ሰንብቶ ደግሞ ሞላ። ዛሬ እንግዲህ ማን ምን እንደከፈተ በዝርዝር አስወጥታ ስታነብ ነው የምታየውን ማመን ያቃታት። የጥር ሠርጎች ተከፍተዋል። የጥምቀት ሰሞን ሽምግልና ተከፍቷል። ተጠናቀው፣ ተከፍሎባቸው፣ ባለቤቶቻቸው ወስደው የጨረሷቸው ሠርጎች ሁሉ ከነጥሬ፣ ካልተቆረጠ ምስላቸው ተከፍተዋል። የከፈታቸውም አንድ ኮምፒውተር ነው።

«ቢሩክ፣ የጥር ሠርግ አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

«አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው ሁሉንም ያስገባኋቸው፤ እሱ ሲከፈት ሁሉም ይከፈታሉ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ሰው ሲመጣ ልፈልግለት እንዴ? አንዷ አክስቴ አልታየችም ብላ ትመጣለች። አንዱ ከሚዜው ተጣልቶ አውጣልኝ ይላል። ባለፈው አንዲት ሙሽራ ኬኩ ሲቆረስ ዘፈኑ ይቀየር ብላ ስንቴ እንዳመላለሰችኝ! ደንበኛ ቆሞ ፋይል አይፈለግም ያሉት ጋሽ ወንዴ ናቸው።»

«ፋይሉ ይቀመጥ፣ ማን አጥፋው አለህ? ማስቀመጥና ከፍቶ መተው አንድ አይደለም እኮ!»

«አትጩኺብኝ፤ እኔ ኤዲተር ነኝ።»

አርያም ተናዳ ነበር፤ ንዴቷ ግን በእሱ ላይ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ገደቡን ከፍ አድርጋ የተመሰገነችው እሷም አንድ ቀን ተነስታ ማን ምን እንደከፈተ አልጠየቀችም።

የቀሩትን ሁለት ኮምፒውተሮች አስዘጋች። ጥቂት ቦታ ተለቀቀ። ፋይሉን ለመክፈት እጇ ቁልፉ ላይ ሳይደርስ የቢሩክ ኮምፒውተር የተለቀቀውን ቦታ ዋጥ አደረገው። ከራሱ ከሰርቨሩ ላይ ልትቀዳው ሞከረች፤ እምቢ አለ። ገደቡን ደግማ እንዳታነሳው የዚህ አሮጌ ማሽን ጣሪያ ከፍ የሚለው ጠፍቶ ሲነሳ ብቻ ነው። ማሽኑ ከጠፋ ሬንደሩ ይቋረጣል። የቢሩክ ፕሮጀክት ከተዘጋም ሬንደሩ ይቋረጣል። ሌላ መንገድ ብትፈልግ አጣች።

ስልኳን አንስታ ጋሽ ወንዴ ጋ ደወለች። ከጀርባቸው ወንበር ሲጎተትና ሙዚቃ ሲሞከር ይሰማል።

«ጋሽ ወንዴ፣ የቢሩክን ፕሮጀክት መዝጋት አለብኝ።»

«እንዴት ሆኖ! ሬንደሩስ?»

«እንደ አዲስ ይጀመራል።»

«አርያም፣ ስክሪኑ ተሰቅሏል። የሙሽራው አባት መጥተው አይተውት ሄደዋል። በመልሱ ያልታየ ፊልም ከዚያ ወዲያ ማን ያየዋል? ገደቡን ከፍ አድርጊው።»

«ከፍ የሚለው ማሽኑ ሲጠፋ ነው። እዚህ ደግሞ ወይዘሮ አፀደ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።»

«ነገ ይምጡ በያቸው።»

«ነገ አርባው ነው እኮ።»

ጋሽ ወንዴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተወጠሩ ሰው ናቸው። «ቢሩክ ሲጨርስ ይስጣቸው። ሬንደሩን እንዳትነኪ ብያለሁ» አሉና ሰው እየጠራቸው መሆኑን ነግረዋት ዘጉት።

«ስንት ይቀርሃል?» አለች ቢሩክን።

«እንጃ። ከምሳ በኋላ እየተንፏቀቀ ነው። ለመልሱ ይደርሳል ብዬ ነው።»

«ለአሥራ አንድስ?»

«ለአሥራ አንድ አይደርስም።»

የወይዘሮ አፀደ ስልክ ጮኸ። አታሚው ነበር። «እሺ ልጄ… እሺ… መጣሁ» ብለው ዘጉና ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ።

«ይቅር፤ የመታወቂያውን እሰጠዋለሁ።»

«ሌላ ፎቶ የላቸውም?»

«ካሜራ ሲያይ ይሸሽ ነበር። ያለው የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ የተከሰሰ ሰው ይመስላል።» ቦርሳቸውን ከፍተው ካርዱን አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት። «ጥፋቱም የኔ ነው። በልጃችን ሠርግ ኮቱን አውልቆ ሲጨፍር፣ እንባው እስኪመጣ ሲስቅ፣ ሰው ምን ይለናል ብዬ አፈርኩ። እዚህ ድረስ መጥቼ ከፊልሙ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

ቢሩክ ከስክሪኑ ቀና አለ። «አዎ፣ አስታወስኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ጥሬው ላይ ግን አለ።»

ሴትዮዋ የሚፈልጉት ሳቅ ከአርያም እጅ የአንድ ቁልፍ ያህል ርቀት ላይ ነበር፤ የሚያግደው ደግሞ ማንም የማያየው፣ ተጨርሶ ያልተዘጋ የሰው ሠርግ ነው።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ቢሩክ፣ ዝጋው።»

«እኔ አልዘጋም። ጋሽ ወንዴ ያሉትን ሰምተሻል።»

«እንግዲያው እኔ እዘጋዋለሁ።»

ትእዛዙን ጻፈች። ቢሩክ ከወንበሩ ብድግ ከማለቱ የእሱ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ተቆረጠ። ሬንደሩ ቀጥ አለ። ቢሩክ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ «ጨረስሽኝ» አለ።

ፋይሉ ተከፈተ።

አቶ እሸቴ በነጭ ሸሚዝ፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በጨዋታው መሀል አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። አንድ የፊት ጥርሳቸው የለም። ወይዘሮ አፀደ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ኮትህን ልበስ አላልኩህም?» አሉት ባላቸውን።

አርያም ምስሉን አንድ ቦታ ላይ አቁማ ገለበጠችውና ለአታሚው በቴሌግራም ላከችለት። ደረሰኝ፣ ይበቃል የሚል መልስ ሲመጣ ወይዘሮ አፀደ ጉንጯን ስመዋት፣ ቢሩክንም ስመውት፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ እንደያዙ ደረጃውን ወረዱ።

«አሁን የትናንቱን ሠርግ ብቻ ክፈት» አለችው ቢሩክን። «ሌላ ምንም እንዳትከፍት።»

እያጉረመረመ ከፈተ። ሬንደሩ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ሳይንፏቀቅ ሽው ብሎ ነበር የሚሄደው። ቢሩክ ፍጥነቱን ሲያይ ንዴቱን ለመቀጠል ተቸገረ። ቢሆንም የባከነው ሰዓት ባክኗል፤ ፊልሙ ለመልሱ መጀመሪያ እንደማይደርስ ሁለቱም አውቀውታል።

የቢሩክ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ወንዴ ናቸው። ቢሩክ ሳያነሳው ወደ አርያም ዞረ።

«መብራት ጠፋ ልበላቸው?»

ጥሩ ሰበብ ነበር። መብራት ጠፋ ያለን ሰው በዚህ ከተማ ማን መረመረው? ጋሽ ወንዴ መብራቱን ረግመው፣ የሙሽራውን አባት ይቅርታ ጠይቀው ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አርያምም የሙከራ ጊዜዋን በሰላም ትጨርሳለች። ቢሩክም ነገ ጠዋት የጥር ሠርጎችን ሁሉ መልሶ ይከፍታቸዋል።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ ቢሩክ፤ ስልኩንም አነሳው። «ሄሎ፣ ጋሽ ወንዴ… አዎ… ምን መሰለዎት፣ መብራት…»

አርያም እጇን ዘረጋች። ቢሩክ ትንሽ አመነታና ስልኩን ሰጣት።

«መብራት አለ ጋሽ ወንዴ» አለች። «ያቋረጥኩት እኔ ነኝ።»