ታርጋ በካሳዬ ግድግዳ ላይ

ጋሼ ዘርአጽዮንና ካሳዬ ሰላም ካቆሙ አራት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በምን እንደተጣሉ ብትጠይቋቸው አንዱ የዝናብ ውኃ ይላል፣ ሌላው በር ላይ የተደፋ ጠጠር ይላል። የእኔ ሱቅ መሃላቸው ስለሆነች ለሁለቱም ሳሙና እሸጣለሁ፣ ሁለቱንም እሰማለሁ። እስካሁን ለማንም አልፈረድኩም። መፍረድ ደንበኛ ያሳጣል።

የቦሌ ሚካኤልን መንደር ለሚያውቅ ሰው መንገዳችንን መግለጽ አያስፈልግም፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አታሳልፍም። የጋሼ ዘርአጽዮን የግቢ በር ሲከፈት ትይዩ ያለው የካሳዬ ነጭ ግድግዳ ነው፤ መሃሉ ላይ የመኝታ ቤቱ መስኮት አለ። ጋሼ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። መንገድ ሥራ ውስጥ ቀያሽ ሆነው ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ትዳራቸው ከዚያች ከስልሳ ሦስት ሞዴል ቮልሳቸው ጋር ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ካሳዬ የሴራሚክ ነጋዴ ነው፤ ድምፅ የሌላት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ጋሼ "አይጢቱ" ይሏታል። እሱም ቮልሷን "ወፍጮዋ" ይላታል። ስም በማውጣት በኩል እኩል ናቸው።

በጥር ወር ጋሼ አመሻሽ ላይ ከለቅሶ ሲመለሱ ቮልሷን ለቱቦ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አፍንጫዋን ደፈቋት። እሳቸው ምንም አልሆኑም። በማግስቱ ግን ልጃቸው ሉላ ከሰሚት መጣች። ሉላ ቦሌ ለሚ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የተጣመመ ስፌት ስትፈልግ ስለምትውል ዓይኗ ሰው አይምርም።

"አቦይ፣ ቁልፉን ይስጡኝ" አለች ገና ሳትቀመጥ።

"መብራቱ ነው" አሉ ጋሼ። "እንደ ጧፍ ነው የሚያበራው። በጧፍ ማን መንገድ ያያል?"

"ዓይንዎ ቢሆንስ?"

"ዓይኔ ያንቺን አሥር ያስከነዳል!"

ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው፦ መብራቱ ይቀየራል፤ ከተቀየረ በኋላ ጋሼ አመሻሽ ላይ ሉላን አሳፍረው እስከ ሰሚት ይነዳሉ። በሰላም ካደረሷት ቁልፉ የእሳቸው ነው፤ ካልሆነ ያስረክባሉ፣ ሁለተኛም አይጠይቁም።

ይህ ለእሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ጉልበታቸው ታሟል፤ መቶ እርምጃ ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ይቆማሉ። ባለቤታቸው ያረፉበት ደብር ደግሞ ሩቅ ነው። በየቀኑ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለኪዳን የሚሄዱት በቮልሷ ነው። ቁልፉ ከተወሰደ የሚቀራቸው ሉላ ጋ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት ኮንዶሚኒየም ተቀምጠው የሰው ጣሪያ ማየት ነው። "ያን ጊዜ ከነነፍሴ ቅበሩኝ" ብለውኛል። ጋሼ ሲናገሩ ትንሽ ይጨምራሉ፤ ያን ቀን ግን የጨመሩ አልመሰለኝም።

እኔስ ምን አውቅ ነበር? አንድ ነገር አውቅ ነበር። በዚያው ሰሞን ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ጋቢ እኔ መስያቸው "እንደምን አደርሽ ምንትዋብ፣ ብርዱ እንዴት ነው?" ብለው ሰላም አሉት። ጋቢው ዝም ቢላቸው ደግሞ "ኩራት!" ብለው አለፉ። ሳቄን ዋጥሁና ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ቢሩክ ዕቃውን ተሸክሞ ግቢያቸው መጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም አየሁ፤ ቢዘጋም ማየቴ አይቀርም ነበር።

"ጋሼ፣ የዚች ባትሪ ስድስት ቮልት ነው። አዲሱ ኤል ኢ ዲ መብራት አሥራ ሁለት ይፈልጋል። ባትሪውም ዲናሞውም ይቀየራል፤ ሽቦውም አርጅቷል፣ ቢነኩት ይረግፋል።"

"የመኪናዋን ልብ ልቀይር ነው የምትለኝ?" አሉት። "ቀይር ስልህ ቀይር!"

ቢሩክ ሁለት ቀን ሠራ። የድሮዎቹ ክብ መብራቶች ወጥተው ልካቸው የሆኑ አዳዲስ ክብ ኤል ኢ ዲዎች ተገኙ። ከመገጠማቸው በፊት ግን ቁጥር የመቅረጹ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ታርጋ ያልተቀረጸበት ስፖኪዮና መብራት ለሌባ የተዘረጋ ማዕድ ነው። የጋሼ ስፖኪዮ ሁለት ጊዜ ተነቅሏል፤ ሁለተኛውን ጊዜ የራሳቸውን ስፖኪዮ ተከራክረው መልሰው ገዝተውታል። ስለዚህ ቁጥር የሚቀርጸው ሰው ትንሿን መሰርሰሪያውን ይዞ ተጠራ። ሰውየው መጀመሪያ በቁራጭ መስታወት ላይ ናሙና ጽፎ ሰጣቸው። ጋሼ አላዩትም፤ አውራ ጣታቸውን አሳለፉበት።

"ይሄ ቁጥር ነው ወይስ የትንኝ እግር? አግዝፈው! ከዳር እስከ ዳር!"

"ጋሼ፣ ዳሩ ላይ በትንሹ ነው የሚቀረጸው" አለ ቢሩክ። "መሃሉ ላይ ከተቆፈረ ብርሃኑን ይቆርጠዋል። ፊት ለፊት ጥላ ይጥልብዎታል።"

"ሌባ ያየዋላ!"

"ሌባ ብቻ? ሰፈሩ በሙሉ ያየዋል።"

"ይየው! ሰርቄ ነው እንዴ የነዳኋት?"

04716 ተብሎ በሁለቱም መብራቶች ላይ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተቀረጸ።

በማግስቱ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ እየተቀበልኩ ነበር። የጋሼ በር ተከፈተ፣ ቮልሷ እያስነጠሰች አፍንጫዋን አወጣች፣ መብራቱ በራ። እውነት ለመናገር የዳቦ ጋሪውን የሚገፋው ሰውዬ አማተበ። የካሳዬ ግድግዳ እንደ ቀን ሆነ። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ደግሞ እያንዳንዱ የሰው ቁመት የሚያክል ጥቁር የቁጥር ጥላ ተዘረጋ። ቁጥሩ ከውጭ ለሚያነብ ሰው የተቀረጸ ነዋ! ብርሃኑ ከውስጥ በጀርባው ሲያልፍበት ግድግዳው ላይ የሚወጣው ተገልብጦ ነው። በስተግራ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱን ያዞረ ስድስት፣ ዜሮው ደግሞ በቀኝ መጨረሻ። ነገሩ እስኪገባኝ እኔ ራሴ ሁለት ማለዳ ፈጅቶብኛል።

ካሳዬ በፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ ወጣ።

"ምንድን ነው ይሄ? መኝታ ቤቴ ውስጥ ስታዲየም ከፈቱብኝ እኮ! ሚስቴ የነጋ መስሏት ተነስታ ጸሎት ጀመረች!"

"እሰይ!" አሉ ጋሼ በመስኮት። "በአራት ዓመት ከዚያ ቤት የወጣ የመጀመሪያው ጸሎት ነው።"

"ግድግዳዬ ላይ ቁጥር ተጽፎብኛል! እንደሚፈርስ ቤት!"

"ቢፈርስ ማን ያለቅስለታል?"

"ስሙኝማ ጋሼ፤ መብራት ዓይን አይሆንም። እርስዎ አያዩም! ልጆቼ ጠዋት ሰርቪስ የሚጠብቁት እዚችው መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን አንዱን ቢነኩብኝ በሕግ አምላክ አልልም፤ በእጄ ነው የምጨርሰው!"

"አንተን ነው እንጂ የማላይህ፣ ሌላውንማ አያለሁ። ዞር በል ከፊቴ!"

ዞር አለ። ጋሼም እየተንደቀደቁ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱ ሁሉ ጦርነት ነበር። ማክሰኞ ካሳዬ አይጢቱን በጋሼ በር ላይ አቁሞ ተኛ። ጋሼ ያንን የቮልስ ጡሩምባ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳያነሱ ተጫኑት። ሐሙስ ካሳዬ ጥቅል ፕላስተር አምጥቶ ሱቄ ደጃፍ ላይ አስቀመጠና "መብራታቸው ላይ ይለጥፉት በይልኝ" አለ። ጋሼ ከበራቸው ሆነው "ይልቅ አፉ ላይ ይለጥፈው በይልኝ" አሉ። ሁለቱም "በይልኝ" ሲሉ አንዱ ሌላውን ስለሚሰማ እኔ መድገም አላስፈለገኝም፤ ፕላስተሩን ወስጄ ሱቄ ውስጥ የተቀደደ ካርቶን ለጠፍኩበት። ሽማግሌ እንላክ ስላቸው ካሳዬ "ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው የሚያስቸግሩኝ" አለኝ።

አርብ ካሳዬ "አባትሽ አያዩም" ሊላት ለሉላ ስልክ ደወለ። ያለችውን ጮክ ብሎ ነው የነገረኝ። "'የአባቴን በር መኪና ማቆሚያ ለማድረግ ነው የምትፈልገው' አለችኝ! እኔ ደግ ባሰብኩ!" ደግ ማሰቡን እንጃ። ልጆቹን ማሰቡን ግን አልክድም።

ቅዳሜ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሉላ መጣች። ጋሼ ካረጀው ኮታቸው ጋር ክራባት አስረዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። ፈተና የሚሄድ ተማሪ ነው የሚመስሉት። ቢሩክም ሥራው እንዳይሰደብበት ፈርቶ ይሁን አላውቅም፣ እንደ ዋዛ መጥቶ ሱቄ አጠገብ ተገትሯል።

ካሳዬ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

"ሉላ፣ ቀበቶሽን ጠበቅ አድርጊ" አለ። "ኧረ እሱም የላት ይሆናል ወፍጮዋ።"

"አንተ ደግሞ ሥራ የለህም?" አለችው ሳታየው።

"ሥራዬ በሕይወት መኖር ነው። እዚህ ሰፈር ከባድ ሥራ ሆኗል።"

"ተዪው" አሉ ጋሼ። "ውሻ ሲጮህ ግመሉ ይሄዳል። ግቢ።"

ገባች። ሞተሩ ተነሳ፣ ቮልሷ ከበሩ ወጣች፣ መብራቱ በራ። ጋሼ ወደ ግራ ሊታጠፉ መሪውን መጠምዘዝ ጀምረው ነበር።

"ቆይ አቦይ፣ ቆይ! ምንድን ነው ግድግዳው ላይ ያለው?" አለች ሉላ እየሳቀች። ተንኮል አልነበረባትም፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። እንደ ልጅ ነው የተገረመችው።

ጋሼ ቆሙ። ደስ አላቸው። ከሳምንት ስድብ በኋላ መብራታቸውን ያደነቀ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች።

"ታርጋዬ ነዋ! ቢሩክን አስቀርጸህ ስጠኝ ብዬው ነው። አየሽ እንዴት ጥርት እንዳለ?" እጃቸውን በመስኮት አወጡና በጣታቸው ወደ ግድግዳው፣ ወደ ግራው ጫፍ ጠቆሙ። "ይኸው፣ ዜሮ።" ጣታቸው ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሄደ። "አራት። ሰባት። አንድ። እዚያ ዳር ላይ ስድስት።"

ሳቋ ተቆረጠ።

"እንደገና ያሳዩኝ" አለች። "ዜሮው የቱ ጋ ነው?"

"እዚያ በግራ! አታዪም እንዴ?"

"በግራ ነው?"

"በግራ ነው አልኩሽ! የገዛ ታርጋዬን ልታስተምሪኝ ነው?"

ቢሩክ መሬት መሬት አየ። እኔ "ሉላዬ፣ እየመሸ ነው፣ ሂዱ" ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልጠቅማቸው እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ከሄዱ እኮ የሚሄዱት ወደ ትልቁ መንገድ ነው። ካሳዬ ግን ቀደመኝ።

"ስድስት ነው!" ብሎ ጮኸ። "ስድስት ነው ጋሼ! ያውም የተገለበጠ! ታርጋውን በቃልዎ ነው እንጂ በዓይንዎ አላነበቡትም! አላልኩም? አላልኩሽም ሉላ? ሌባ አደረግሽኝ እኮ!"

"ዝም በል!" ሉላ በሩን በርግዳ ወጣች። "ዝም በል ነው የምልህ! አስደሰተህ አይደል? ሂድና ጨፍር!"

"ልጆቼን ነው ያልኩት፣ እኔ ምን—"

"ግባ ቤትህ!"

ካሳዬ አልገባም። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም። አራት ዓመት ሲገፋው የኖረው በር በድንገት ተከፍቶ በአፍጢሙ ሊደፋ የደረሰ ነው የመሰለኝ።

ጋሼ እጃቸው ገና ከመስኮቱ ውጭ ነበር። ጣታቸውን ቀስ ብለው አጠፉት፤ እጁንም ወደ ውስጥ አስገቡት። ወደ ግድግዳው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አንገታቸውን ወደፊት ሰገግ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳው ላይ ያዩት ነጭ ነገር ብቻ ነው። ቁጥሩን ያዩት በልባቸው ነበር።

ሉላ በሾፌሩ በኩል ዞራ መጣች። እጇን ዘረጋች።

"አቦይ፤ ቃል ገብተዋል።"

"ገብቻለሁ።"

"ሰኞ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ። ምናልባት ይታከማል። ምናልባት—"

"ቁልፉን ነው የጠየቅሽኝ። ሌላ አልጠየቅሽኝም።"

ቁልፉን ግን በእጇ አልሰጧትም። ሞተሩ እየሠራ፣ ቁልፉ እዚያው እንደተሰካ ትተውላት ወረዱ። ልትደግፋቸው ክንዳቸውን ብትይዝ በክርናቸው ገፈተሯት። እኔም እንደ ልማዴ "ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ" አልኩ።

"አንቺስ ምንትዋብ?" አሉኝ ሳይዞሩ። "አንቺም ታውቂ ነበር?"

ምን ልበል? ዝምታዬን በደንብ ሰሙት፤ ጆሯቸው ምንም አልሆነም። ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመው፣ ወደ ግቢያቸው ገቡ።

ሉላ መኪናዋ ውስጥ ገባችና ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ጠፋ። መብራቱ ግን አልጠፋም፤ የካሳዬ ግድግዳ እንደ ቀን እንዳበራ ቀረ። አንዱን ጉጥ ሳበች፤ የዝናብ መጥረጊያው ደረቅ መስታወቱን እየፋቀ መሄድ ጀመረ። ሌላውን ተጫነች፤ ምንም የለም። ቢሩክ ሊነግራት አንድ እርምጃ ሲራመድ እጇን አንስታ ከለከለችው። ከመኪናው ወርዳ ወደ ግቢው ጮኸች።

"አቦይ! መብራቱ በምን ነው የሚጠፋው?"

ወደ ግቢው በር ተጠጋች።

"አቦይ! ባትሪው ያልቃል እኮ! የት ነው ማጥፊያው?"

"ፈልጊው" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። "ዓይን አለሽ አይደል?"