ማንም የማይደርስበት ምዕራፍ

ከአደጋው ወዲህ ባሉት አምስት ቀናት የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዋ አንድ ወንበር ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ ተቀምጣ አታውቅም። ሆስፒታል ስትሆን ሥራዋ ይታወሳታል፣ ቢሮ ስትገባ ደግሞ እግሯ ወደ ሆስፒታል ይጎትታታል። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት አፏን ሞልታ መመለስ አቃታት። እሾህ ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ ብድግ ይላል። እሷም የሚወጋትን አሳምራ ታውቀው ነበር፤ ያቃታት ብድግ ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታላቅ እህቷ ልጅ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ቡታጋዝ ቡታጋዝ ይሸታል። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ልኬት ልትወስድ ደንበኛ ቤት ሄዳለች። ልጅቷ ሽታው ከየት እንደመጣ ልታይ ወደ ኩሽና ገባች፣ ጨለም ስላለባት መብራቱን አበራች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው የጎረቤት ጩኸት ብቻ ነው። ሐኪሙ ዓይኗ እንደተረፈ፣ ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው ለመታጠፍ ወራት እንደሚፈጅባቸው ተናገረ።

«ጋዝ ሲሸታችሁ መብራት አታብሩ፤ መስኮት ከፍታችሁ ቶሎ ውጡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በስድስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ገጽ መቶ አርባ ሦስት ላይ አለ። የጻፈችው ባለሙያዋ ራሷ ናት። ሥዕሉንም ያሠራችው እሷ ናት፤ ሠዓሊው መስኮቱን ዝግ አድርጎ ሲያመጣላት ሁለት ጊዜ መልሳበታለች። ለቃሉ ተጠንቅቃ ነበር። ያልተጠነቀቀችው ለቦታው ነው።

በሥርዓተ ትምህርት ቢሮው ለውጭ ሰው የማይነገር አንድ ልማድ አለ። ከየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጎርፋል። እሳት አደጋ መከላከያው ስለ እሳት ይካተትልኝ ይላል፣ ትራፊኩ ስለ መንገድ፣ ጤናው ስለ ጤና። እምቢ ማለት ጣጣ አለው፤ እሺ ማለት ደግሞ ክፍለ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የመጣው ሁሉ የመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ ይከተታል። ምዕራፉን «ጓዳ» ይሉታል። የማጠቃለያ ፈተናው በሠላሳ አንደኛው ሳምንት ነው፤ ጓዳው የሚጀምረው በሠላሳ ሦስተኛው። አንድም አስተማሪ ደርሶበት አያውቅም፣ እንዲደርስበት የሚጠብቅም የለም። ደብዳቤ ጸሐፊው «ተካቷል» የሚል መልስ ይደርሰውና ደስ ይለዋል፣ አስተማሪው አንድ ሸክም ይቀርለታል፣ ቢሮውም በሰላም ሻዩን ይጠጣል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት የማያውቁ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ለአራተኛ ክፍል የቋንቋ መጽሐፍ ራሳቸው አስገብተውታል፤ ያውም ስምንተኛው ሳምንት ላይ፣ ተማሪ ሁሉ በሚደርስበት ቦታ።

ጓዳ በማሰናዳት ከባለሙያዋ የሚስተካከል አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ለእሷ ይሰጣታል፣ እሷም ስቃ ትቀበላለች።

ታላቅ እህቷ ይህን ሁሉ ከየት ታውቃለች? እናታቸው ሲሞቱ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ የሰው ልብስ እየሰፋች ታናሿን ያስተማረች ሴት ናት። ለዚህ ውለታ ጠይቃ አታውቅም። የምትፈልገው ታናሿን «ፕሮፌሰር» እያለች መጥራትና በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን ስሟን ለደንበኛ ሁሉ ማሳየት ብቻ ነው። ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ሴት ሳትወድ በግድ ስሙን አንብባ ትሄዳለች።

በአምስተኛው ቀን የልጇ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ያንኑ መጽሐፍ ስታገላብጥ ገጽ መቶ አርባ ሦስትን አገኘችው። ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ደግማ አነበበችው። ልጇን ይህን ተምራችሁ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ ልጅቷ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን እያየች መምህሩ እዚያ እንዳልደረሱ ነገረቻት። እናትየው ወዲያው ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ትምህርት ቤት ሄደች፣ በአስተማሪው ላይ አቤቱታ አስገባች። ርዕሰ መምህሩም ለማግስቱ ቀጠራቸው።

«አንቺም ትመጫለሽ» አለቻት ታናሿን። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ፊት ለፊቱ ቆመሽ ትመሰክሪበታለሽ።»

ባለሙያዋ መንገድ ላይ ልነግራት ብላ ሁለቴ አፏን ከፈተች። በመጀመሪያው እህቷ ዞር ብላ የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከለችላት። በሁለተኛው፣ አንቺ ባትኖሪ እኔ ደንቆሮዋ ምን ልናገር ነበር አለቻት። ሳትነግራት ትምህርት ቤቱ ደረሱ። ፈሪ ነበረች፤ ይህንን መሸፋፈን አያስፈልግም።

የርዕሰ መምህሩ ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድል ተለጥፏል፣ መስኮቱ ሥር የተሰባበሩ ወንበሮች ተደራርበዋል። የተከሰሱት መምህር ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ቀጭን ሰው ናቸው። የእጅጌያቸው ጫፍ ጠመኔ ነክቶታል። ዓመታዊ ዕቅዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቋቸው። ልጅቷን በስም አንስተው እንዴት እንዳደረች መጀመሪያ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እናትየው መጽሐፉን ከፍታ ዕቅዳቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ተጽፏል፣ መምህር» አለች። «እርስዎ ግን አላስተማሩም።»

መምህሩ አልካዱም። ከፈተናው በፊት ያሉትን ምዕራፎች እንኳ ከሁለት ዓመት በአንዱ ብቻ እንደሚጨርሱ፣ የቀረውን እንደማንኛውም አስተማሪ እንዳለፉት ተናገሩ። ርዕሰ መምህሩ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ቸኩሏል። መጽሐፍ ውስጥ ያለን ትምህርት ዘልሎ ማለፍ ጥፋት መሆኑን፣ በዚህ ጉዳት ላይ ደግሞ ከሥራ እስከ ማሰናበት ሊያደርስ እንደሚችል አስረዳ። ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞረ።

«ከቢሮ የመጡ ባለሙያ ስላሉ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ቢናገሩ ይሻላል። ይህ ምዕራፍ መሰጠት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?»

የቢሮውን መልስ በቃሏ ታውቀዋለች። መሰጠት ነበረበት። ይህን ብትል እህቷ እንደኮራችባት ትኖራለች፣ እሷም ሰኞ ጠረጴዛዋ ላይ ትገኛለች። መምህሩ አልለመኗትም። ቃለ ጽሕፈት የሚጽፍ ተማሪ የሚቀጥለውን ቃል እንደሚጠብቅ አዩዋት። ባለሙያዋ ከወንበሯ ተነሳች።

«አልነበረበትም» አለች። «እንዳይደረስበት ብዬ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት።»

ርዕሰ መምህሩ ምናልባት ማለት የፈለጉት እያለ ሊያለዝበው ሞከረ። እሷ ግን አንዴ ጀምራለች። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ሳምንቶቹ ቆጠራ፣ ስለ ጓዳው፣ ቦታውን ለመምረጥ አሥር ደቂቃ እንኳ እንዳልፈጀባት ዘረገፈችው። የምትናገረው ለርዕሰ መምህሩ አልነበረም።

«እሳቸው አይደሉም፣ እትዬ። እኔ ነኝ።»

እህቷ በስህተት የተቆረጠ ጨርቅ እንደምታይ አየቻት። ባለሙያዋ ጥፊ ጠበቀች፣ እርግማን ጠበቀች፣ ቢመጣላት በወደደች። ታላቋ ግን መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችና ጣቷን የምዕራፉ መጀመሪያ ላይ አሳረፈች።

«ሌላስ እዚህ ምን አለ?» አለች።

«እትዬ...»

«ትንሿ ልጄም አለችኝ። እኔ ማንበብ ቀስ ይለኛል፣ አንቺ ንገሪኝ። ሌላስ ምን አስቀመጥሽ?»

ባለሙያዋ በቃሏ ጀመረች። ሰው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ተከትሎ አለመግባት። የተበጠሰ የመብራት ሽቦ አለመንካት። የበሉት ጉሮሮ ላይ ሲያንቅ የሚደረገው። መምህሩ እስክሪብቶ አውጥተው ዕቅዳቸውን ገለበጡና ጀርባው ላይ ይጽፉ ጀመር።

«ትልቅ ሰው ነክቶሽ ለማንም እንዳትናገሪ ቢልሽ...» አለችና ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለች።

«እሺ፣ ቢላትስ?» አለች እህቷ። «ለማን ትናገር? ምን ይላል?»

ባለሙያዋ ገጹን እያየች ነበር።

«ርዕሱ ብቻ ነው ያለው፣ እትዬ» አለች። «ከሥሩ ምንም አልጻፍኩበትም።»