ጀሶው ውስጥ ያለው ዓሣ

እትዬ ወጥ ቤት አግኝተው ምድጃው ላይ የጣዱት ድስት ሾርባ ያለበት መስሏቸው ነበር። ሊያማስሉት ሲሉ ማንኪያው ተያዘ፤ ስበው ሲያወጡት አረንጓዴ ክር እየጎተተ ወጣ። ሽታው ኮሪደሩን አልፎ ሳሎን ሲገባ ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሰው ደግፎ ካላስነሣት ከወንበሯ ንቅንቅ ያላለች ሴት፣ ለቀስተኛውን በክንዷ እየከፈለች ወጥ ቤት ደረሰች።

«እትዬ፣ እሱ አይበላም» አለች።

እትዬ የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ወንበር እንኳ ሲንጓጓ ፊታቸው የሚቋጠር። «ታዲያ ድስት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው አፈጠጡ።

መልሱን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሳምንቱን የሰው በር ሲከፍት ይሰነብትና እሁድ ሐይቅ ይወርዳል። ለመንጠቆው ትል አይቆፍርም። ዓሣ የሚያታልሉትን ለስላሳ የፕላስቲክ ትሎችና ትንንሽ ዓሦች እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ራሱ ይሠራቸዋል። የተበጣጠሱትን ሰብስቦ ያቀልጣል፣ ቀለም ይጨምርበታል፣ ነጠብጣብ እንዲያወጣለት ከሷ ቁንዶ በርበሬ ቆንጥሮ ይበትንበታል፤ ከዚያ በጀሶ ቅርጽ ውስጥ ያፈሰዋል። «ቁንዶ በርበሬዬን ዓሣ ፈጀብኝ» እያለች ታማው ነበር። እሱ ደግሞ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ዝምተኛ ነበር።

እጇን ወደ ምድጃው ማጥፊያ ሰደደችና ተወችው። ድስቱ ውስጥ ያለው እየጠራ ነው። ጠርቶ እንደ ማር መውረድ ሲጀምር ጊዜው ነው፤ ትንሽ ካለፈ ያራል። ይህን እሱ አላስተማራትም፤ በአጠገቡ ስታልፍ ስታገድም ዓይኗ ለቅሞት ኖሯል። መስኮቱ ደፍ ላይ የመጨረሻው የጀሶ ቅርጽ ተቀምጧል። ባሏ ቀርጾ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ዘይት አስነክቶ አስቀምጦት፣ የሚቀልጠውንም ድስቱ ውስጥ አዘጋጅቶ ሱቁ ሄደ፤ እዚያው አንድ የተበላሸ ቁልፍ ላይ እንዳጎነበሰ ልቡ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቧራውን እንኳ ለመጥረግ ደፍራ አልነካችውም።

መስኮቱን በረገደችና የባሏን ወፍራም ጓንት አጠለቀች።

«ሰው ምን ይላል?» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሳቱን ይቀንሱልኝ።»

እትዬ ዙሪያቸውን አዩና ቀነሱላት።

ሽታውን ከለቀስተኛው ሁሉ ለይተው ያወቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ የባሏ የዓሣ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። እስካሁን የሳሎኑ በር ሥር ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነው የከረሙት። አሁን የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ከጅራቱ በኩል ቀስ ብላ እንድትጀምር፣ አለዚያ አረፋ እንደሚቋጥርባት ነገሯት። አፈሰሰች። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሲያስገባ የኖረ እጅ ነው። አረንጓዴው ክር ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ጅራቱን ሞላ፣ ሆዱን ሞላ፣ አፉ ላይ ሲደርስ ድስቱን ቀና አደረገችው።

በሩ በሰው ተጨናነቀ። አንዷ፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷት ይሆናል ብላ አንሾካሾከች። ሌላዋ ዝም በይ፣ ልይበት አለቻት።

እስኪበርድ ሲጠብቁ ልብስ ሰፊዋ ሌላ መጠበቅ ትዝ አላት። ልጅ ሳለች ከታመመች ወዲህ ግራ እግሯ አጭር ነው። በወጣትነቷ ሰው ፊት መሄድ ስለምታፍር፣ የመጨረሻው ደንበኛ ወጥቶ መንገዱ ጭር እስኪል ከስፌት መኪናዋ አትነሣም ነበር። ቁልፍ ሠሪው ሱሪውን ሊያሳጥር መጣ። በማግስቱም ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ፤ በመጨረሻ የሚያሳጥረው ሱሪ ሲያልቅበት ባዶ እጁን መጥቶ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። እስክትነሣ። ተጋብተው ሲኖሩ ስለ እግሯ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። እያየ ነው የሚያልፈው፣ ወይስ እያፈረ? ስንት ጊዜ ልትጠይቀው አስባ ምላሷ ላይ ቀርቷል።

በቢላ ጫፍ ፈልቅቃ አወጣችው። ጣት የምታህል ዓሣ ናት፤ ታበራለች። ጅራቷ ግን ጠማማ ሆነ፤ በአንድ በኩል ወፍሯል፣ በሌላው ሳስቷል።

«አበላሸሁት» ብላ ለሹፌሩ ዘረጋችላቸው።

ሹፌሩ ተቀብለዋት ወደ ብርሃን አነሧት። «አላበላሸሽም። እንዲህ አድርጎ ነው የቀረጻት።»

አናቱ ላይ ማስመጫ እርሳስ ያለበት መንጠቆ ከነክሩ ከኪሳቸው አውጥተው ሰኩባት፤ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውሃ ተሞላ። ክሩን ጎተት ሲያደርጉት ፕላስቲኳ ነፍስ ዘራች። ሸብረክ ትላለች፣ ቀና ትላለች፣ ደግሞ ሸብረክ። ከሳፋው ዳር ዳር የተኮለኮሉት ሁሉ በአንድ ላይ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ጎረቤቶቹ በየተራ ጎተቷት። በኋላ እትዬ ራሳቸው የጥቁር ቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው ክሩን ከሰው እጅ ወሰዱ፤ ውሃው ፊታቸው ላይ ሲረጭም አላቆሙም።

ሹፌሩ ነገሩን አወጉ። ለዓመታት ጅራቱን ቀጥ አድርገው ሲሠሩት፣ ትልልቆቹ ዓሦች ተከትለው ተከትለው ይመለሱባቸው ነበር። ታዲያ በቅርቡ ቁልፍ ሠሪው፣ አገኘሁት ብሎ እየሮጠ መጣ። የት እንዳገኘው ጠየቁት።

«ምን አለኝ መሰለሽ» አሉ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረው። «ሚስቴ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ስትመጣ አይተሃል? እኔ ከዚያ አረማመድ ላይ ዓይኔን መንቀል አልችልም፤ ዓሣውም አይችልም።»

እትዬ ክሩን እንደያዙ መሬት መሬት አዩ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ጋለ፤ መጀመሪያ በጥፊ የተመታች መሰላት። ቀጥሎ አፏን በእጇ ብትይዘውም አልቻለችም፤ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«እስቲ እንደገና ጎትቷት» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሐይቅ እንደምትወርድ ስትናገር የተቆጣ አልነበረም። ለሚመጣው ለቀስተኛ፣ ባሏ የጀመረውን ልትጨርስ ሄዳለች ብለው እንደሚመልሱ እትዬ ነገሯት።

ሐይቁ ዳር፣ በባሏ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ የመጀመሪያው ውርወራዋ ሸንበቆ ላይ ተሰቀለ። ሁለተኛው እግሯ ሥር ወደቀ። ቀጣዩ ግን ርቆ ሄደ፤ ሹፌሩ እንዳሳዩዋት ቀስ እያለች ክሩን ጠቀለለች። ድንገት ዘንጉ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። ጎብጦ ውሃ ነካ። ሹፌሩ ኮፍያቸው ሲወድቅ አላወቁም፤ ክሩን እንዳታላላ፣ እንዳትጣደፍም አንዱን በአንዱ ላይ ይነግሯታል። እሷ አትሰማም። ከወዲያ በኩል የሚጎትታት ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ክንዷ እስኪዝል ጎተተችው፣ ጎተታት፤ በመጨረሻ ብርማ ጎኑን አሳይቶ ወደ ዳር መጣ።

እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገብታ መንጠቆውን ነቀለችለት። ይዘውት ይመለሱ እንደሆነ ሹፌሩ ጠየቋት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ዓሣው ውሃው ውስጥ በሁለት እጇ ላይ ተኝቶ መተንፈሻ ስንጥቡን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ሹፌሩ አጠገቧ ጎንበስ አሉ። «እንግዲህ ልቀቂው፣ እህቴ» አሉ በለሆሳስ።

«አልያዝኩትም፣ ጋሼ» አለች።

መዳፎቿ ውሃው ውስጥ ተዘርግተው ነበር።